ፕራግ ከነሒሳቧ

ድሬስደን ለሚማር ሰው ፕራግ ጎረቤት ናት። ባቡሩ ቢፈጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የኤልበን ወንዝ ይዞ በገደልና በጫካ መሀል ይሄዳል፤ መስኮት ዳር ቦታ ያገኘ ሰው ምነው ባልደረስን ያሰኘዋል። አንዲት ጀርመናዊት፣ አንዲት ቱርካዊት፣ አንድ ህንዳዊና እኔ፣ አራት የክፍል ልጆች፣ ቅዳሜና እሁድን እዚያ እናሳልፍ ብለን ተስማማን። ቲኬት ሳይቆረጥ፣ ማደሪያ ሳይያዝ፣ ጀርመናዊቷ ስልኳን አውጥታ ስፕሊትዋይዝ በሚባል መተግበሪያ ላይ ቡድን ከፈተችና ሁላችንንም አስገባችን። ከዚያ ወዲያ ማን ለማን ምን እንደከፈለ በሳንቲም ይመዘገባል። አንዱ ለአራታችን ውሃ ከገዛ የእያንዳንዳችን ዕዳ በየስልካችን ብቅ ይላል። ፕራግ ጣቢያ ለሽንት ቤት 20 ኮሩና የሰጠኝ ህንዳዊ፣ ገና እጄን ታጥቤ ሳልወጣ መዝግቦት አገኘሁት።

በሆዴ «ወይ ጉድ!» አልኩ። ምክንያቱም እኔ ያደግሁበት ጉዞ ሒሳቡ አንድ ሰው ጋ ነው፤ ሌላው አያየውም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ግቢ ጉባኤያችን በዓመት አንዴም ሁለቴም ጉዞ ያወጣ ነበር። አንዳንዴ ደብረ ሊባኖስ፣ አንዳንዴ አዳዲ ማርያም፣ ዳገት የማይፈራው ሲበዛ ደግሞ ዝቋላ። መዋጮው ቀደም ብሎ ይነገራል፤ ገንዘብ ያዧ ደብተሯን ይዛ በየዶርሙ ትዞራለች፤ ቅጥቅጥ ይከራያል፤ ዳቦ ይታዘዛል፤ ቆሎው በፌስታል በፌስታል ይቋጠራል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በር ላይ ተሰብስበን፣ የዘገየ በስልክ እየተጠራ፣ ከበሮው ከኋላ መቀመጫ ላይ ተጭኖ እንነሳለን። የትኛውም ኬላ ላይ «ውረዱ!» ሲባል ወርደን ተፈትሸን፣ መዝሙሩን ካቆምንበት እንቀጥላለን።

አንድ ዓመት ደብተሩ እኔ እጅ ገባ። የጉዞ ሒሳብ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሙሉውን የከፈለ አለ። ግማሹን ሰጥቶ «የቀረውን ከቤት ሲላክልኝ» ያለ አለ። ምንም ሳይሰጥ፣ ስጠይቀው መሬት መሬቱን እያየ ዝም ያለም አለ። አንዱ ደግሞ የራሱን ከፍሎ ሲያበቃ የሁለት ሰው ጨምሮ አስጨበጠኝና «ለጎደለው አድርጊው፤ ማን ሰጠ ቢሉሽ እንዳትናገሪ» ብሎኝ ሄደ። መኪናው ውስጥ ሁሉም እኩል ተቀመጠ፤ ዳቦው ለሁሉም እኩል ተቆረሰ። ማን ስንት እንደሰጠ እስከ ዛሬ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ፕራግን በእግር ያዞረን አንድ ጃንጥላ የያዘ ወጣት ነው፤ ጉብኝቱ ነጻ ነው ይባላል፣ መጨረሻ ላይ ግን ጉርሻ ይሰጣል። የቻርልስ ድልድይ ላይ ስንደርስ ጨዋታው ሁሉ ስለ መዋጮ ሆነብኝ። ድልድዩ በቻርልስ 4ኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1357 ተጀመረ፤ 516 ሜትር ይረዝማል። ኖራው እንዲጠነክር እንቁላል ተቀላቅሎበታል የሚል አፈ ታሪክ አለ። እንቁላሉ ከየከተማው እንዲዋጣ ሲታዘዝ የአንዱ ከተማ ሰዎች መንገድ ላይ እንዳይሰበር ብለው ቀቅለው ላኩት አሉ። ገንዘብ ያዥ ሆኖ የማያውቅ ሰው በዚህ ይስቃል፤ እኔ ግን ያንን እንቁላል የተረከበውን ሰው አሰብኩት።

ከድልድዩ 30 ሐውልቶች ቀድሞ የቆመው፣ በ1683፣ የዮሐንስ ኔፖሙክ ነው። ይህ ካህን በ1393 በንጉሥ ቬንቸስላስ 4ኛ ትዕዛዝ ተገድሎ ቭልታቫ ወንዝ ውስጥ ተጣለ። ሕዝቡ የሚያወራው ንግሥቲቱ የተናዘዘችውን ንገረኝ ሲባል አልናገርም ስላለ ነው ብሎ ነው። የታሪክ ሰዎች ግን ጠቡ የመጣው ከአንድ ገዳም አበምኔት ሹመት ነው ይላሉ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ የሚጥመኝ የሕዝቡ ነው። ከሐውልቱ ሥር ካህኑ ወደ ወንዝ ሲወረወር የሚያሳይ የነሐስ ሰሌዳ አለ። ዙሪያው ጠቁሯል፤ የሚወረወረው ሰውዬ ብቻ ስንት ዘመን በእጅ ስለተዳሰሰ እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል። ቼኮች በአውሮፓ ከሃይማኖት እጅግ ከራቁት ሕዝቦች አንዱ ናቸው ይባላል፤ የመጣው ቱሪስትም አብዛኛው የሚጸልይ አይመስልም፤ ሆኖም ሁሉም ተሰልፎ ይዳስሰዋል። እኔም ዳሰስኩ። ምስጢር ለጠበቀ ካህን፣ የአንድ ደብተር ምስጢር ከያዘች ገንዘብ ያዥ ሰላምታ ይገባዋል ብዬ ነው።

ጉርሻውን ጀርመናዊቷ ለአራታችን ሰጠች። ሐውልቱን ሳንርቅ ስልኬ ነዘረ፤ ዕዳ ነበር።

ማታ ቢራ ቤት ገባን። እዚያ አስተናጋጁ ጠረጴዛው ላይ ጠበብ ያለች ወረቀት ያስቀምጣል፤ አንድ ብርጭቆ ባመጣ ቁጥር በእርሳስ አንድ መስመር ይጭርባታል። እየጠጣህ ሒሳብህ ፊትህ ላይ ሲያድግ ታያለህ። ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር እኔ ከድንችና ከጎመን በቀር የምበላው አላገኘሁም፤ ጓደኞቼ የአሳማ ቅልጥም አስመጥተው ቢራውን ደጋገሙት። አገር ቤት ቢሆን ሒሳቡ ሲመጣ ጭቅጭቅ ይነሳል፦ «በሞቴ እኔ ልክፈል»፣ «ኧረ በናትህ»፣ አንዱ ወደ እጅ መታጠቢያ የሄደ መስሎ ቀድሞ ከፍሎ ይመጣል። ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን በሞቴ ያለው ልጅ ወሩ ሳያልቅ ለታክሲ ሲበደር አይቻለሁ። መዋጮ ቢሆን ደግሞ የጾመውም የጠገበውም እኩል ይከፍላል። ፕራግ ላይ የከፈልኩት የድንቼንና የጎመኔን ነው፤ ማንም ቅር አላለውም፣ እኔንም ደስ አለኝ። ጀርመን ውስጥ በተማሪ ቪዛ የመጣ ሐበሻ ብሎክድ አካውንት የሚባለው፣ ለኑሮው ቀድሞ ያስገባው የባንክ ሒሳብ በወር የሚለቅለት 992 ዩሮ ነው፤ የቤት ኪራይና የጤና መድን ሲቀነስ የሌላ ሰው ቅልጥም የሚሸፍን አይተርፍም።

ከመተግበሪያው ይልቅ የገረመኝ ግን ጉዞው ሳይጀመር የሆነው ነው። ማደሪያ ስንመርጥ ቱርካዊቷ ድምጿን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ «ለሁለቱ ቀን ያለኝ 90 ዩሮ ነው» አለች። ማንም አላዘነላትም፣ ማንም «እኔ እሞላልሻለሁ» አላለም። ጀርመናዊቷ ያየችውን ሆቴል ዘግታ ስድስት ሰው የሚያድርበት የሆስቴል ክፍል ፈለገች። ፕራግም ስንደርስ በዚያው ልክ ነበር፤ የፕራግ ቤተ መንግሥት ጋ በ22 ቁጥር ትራም ወጣን፤ ውስጡን ለማየት ቲኬት ስለሚያስፈልግ ግቢውን በነጻ ዞርን። የቅዱስ ቪቱስን ካቴድራል ከደጅ ሆነን አንጋጠን አየነው። በ1344 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ1929 ነው፤ እዚያ ስንት ገንዘብ ያዥ ተፈራርቆ ይሆን?

«የለኝም» ማለት እኛ ጋ እንዲህ ቀላል አይደለም። «ፈተና አለብኝ» እንላለን፤ «ዘመድ ሊመጣብኝ ነው» እንላለን። የእኔ ደብተር የጠበቀው የማንን ገመና ነው ብዬ ያሰብኩት እዚያ የካቴድራሉ ደጅ ላይ ነው። ሳይከፍሉ የመጡትን። አፍረው ሳይመጡ የቀሩትስ? እነሱ ደብተሩ ላይ የሉም። ከእኔ ፊት ዶርም የነበረች አንዲት ልጅ አንድም ጉዞ ወጥታ አታውቅም፤ ሁሌ ፈተና ነበረባት። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር የምንማረው።

ስለዚህ ጉዞ ላይ ከሆነ የፈረንጁን አሠራር ወድጄዋለሁ፤ የ20 ኮሩናው ነገር ግን አሁንም አይዋጥልኝም። ከፕራግ በተመለስን በሳምንቱ መተግበሪያው የ7 ዩሮ ከምናምን ዕዳዬን አስታወሰኝ፤ ከፈልኩ፤ ዜሮ ሆነ፤ አበቃ። አራታችን አሁንም አብረን ምሳ እንበላለን፣ የየራሳችንን።

ፎቶዎቹን ያዩ የድሬስደን ሐበሾች ታዲያ «እኛም ከፋሲካ በኋላ እንሂድ» አሉና ማስተባበሩን ለእኔ ሰጡኝ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የቱርካዊቷን ዘዴ ሞከርኩ፦ «እያንዳንዳችሁ የምትችሉትን በጀት ጻፉ» አልኩ። «አሪፍ ሐሳብ ነው!» ያለ አለ፤ ልብ የላከ አለ፤ ቁጥር የጻፈ የለም። ማታ በውስጥ መስመር መምጣት ጀመረ። «ስሚ፣ እኔ ከ70 አላልፍም፤ ግሩፑ ላይ እንዳታነሺው።» «የኔ እህት፣ በዚህ ወር እጄ አጥሯል፣ 50 ካልበቃ ፈተና አለበት በያቸው።» አንዱ ደግሞ «የማንም ቢጎድል ንገሪኝ።»

በነጋታው ትንሹን ቁጥር ወሰድኩና ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ «እኔ ከ50 ዩሮ በላይ የለኝም። ይቅርታ አድርጉልኝና በእሱ እንሂድ።» አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሁሉም ተስማማ። «አይዞሽ፣ ምን ችግር አለው!» ብሎ ቀድሞ የመለሰው 50 ካልበቃ ያለው ልጅ ነው።