የአባቴ ሰንጢና የጫንጮው ባለእጅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጎጃምን መንገድ የያዘ መንገደኛ አዲሱ ገበያን አልፎ የእንጦጦን ትከሻ ከተሻገረ በኋላ ሰፊው የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋለታል። የሣሩ ክምር በየማሳው ቆሞ፣ ላሞቹ በየመስኩ ተሰማርተው ሲያይ የከተማው ጫጫታ ከልቡ ይጠፋል። ከዋና ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የደርባ መንገድ ወደ ምዕራብ በሚገነጠልበት ሥፍራ የምትገኘው ከተማ ጫንጮ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያ የሄድሁት ግን አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። በኪሴ ሟች አባቴ እርሳስ ሲቀርጽባትና ሸንኮራ ሲልጥባት የኖረች ሰንጢ ነበረች። እጀታዋ ቀንድ፣ ራሷ ብረት ነው። ስለቷን ከእጀታዋ ያያያዘው ምስማር ከዕድሜ ብዛት ስለላላ፣ ስለቷ ወዲያና ወዲህ ትወላገድ ነበር። በከተማ ያማከርኋቸው ሁሉ «ጣላትና ሌላ ግዛ» አሉኝ። የጫንጮ ተወላጅ የሆነ ባልደረባዬ ግን ወደ አንድ ሽማግሌ ባለእጅ መራኝ፤ በአገሩ ኦሮምኛ ቱምቱ ይሏቸዋል።

ሽማግሌው አስቀድመው በማጠፊያው ውስጥ የተጋገረውን እድፍ በዘይት አጠቡት። ቀጥሎም በስለቱና በእጀታው መካከል ስስ ወረቀት አስገቡ፤ ይኸውም ምስማሩ ሲጠብቅ ስለቱ እንዳይነክስ ነው። ከዚያ የምስማሩን አንድ ጫፍ በመስፉ ላይ አሳርፈው፣ ሌላውን ጫፍ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ መቱት። የምስማሩ ራስ ጥቂት ሲሰፋ ጎንና ጎኑን አጥብቆ ይይዛል። ሦስት አራት ጊዜ መትተው ይከፍታሉ፣ ያጥፋሉ፤ ገልብጠው ደግሞ ይመታሉ። ቀንዱን መዶሻ አላስነኩትም፤ ይሰነጠቃልና።

«አባባ፣ ትንሽ ቢጨምሩበትስ?» አልኋቸው።

«የላላ ይጠብቃል ልጄ፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ግን አይታጠፍም» ብለው ወረቀቱን ስበው አወጡና አንድ ጠብታ ዘይት ጨመሩበት።

በዚህ መካከል ባለቤታቸው ቡና አቀረቡልኝ። አንባቢዬ ሆይ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እጄ ወደ ሲኒው ከመዘርጋቱ በፊት ዘገየ። አያቴ በልጅነቴ «ከቀጥቃጭ ቤት አትቅመስ፤ ቡዳ ነው» ትለኝ ነበር። ሽማግሌው አዩኝ። ሳይቆጡም፣ «ጠጣ እንጂ ልጄ፤ እኔ በቀጠቀጥሁት ማረሻ የታረሰውን እህል ስትበላ ኖረህ የለም?» አሉኝ። ኀፍረቴን ከቡናው ጋር ዋጥሁት።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ። አዋጁ በወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኮሌጅ የበጠሰ አስተማሪ በአንድ ሲኒ ቡና ፊት ካመነታ፣ ትምህርቱ ከሰሌዳው ገና አልወረደም ማለት ነው።

ሰንጢዋ ዛሬ አትወላገድም። ሰኞ ዕለት የተማሪዎቼን እርሳስ በእርሷ ስቀርጽ የማን እጅ እንዳዳናት ነገርኋቸው፤ ቡናውንም አልደበቅሁም።