ጥላና ጎርፍ በቆቦ

ለቤተ ሰባችን የሚሆን ቤት ለመግዛት ከወልድያ ወደ ሰሜን ተጕዘን ቆቦ ደረስን። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በፊታችንም ማሽላ የለበሰው የራያ ሜዳ ታየን። በለምለም ዛፍ የተከበበ አንድ ግቢ ልባችንን ማረከው። ዳሩ ግን አንድ አረጋዊ ጎረቤት፥ «ልጆቼ፥ ከጥላው በፊት የጎርፉን መንገድ ጠይቁ» አሉን።

ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ለገበሬው ማሳ ሲሳይ ነው፤ ለቤት ግን ጠላት ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ዋጋ የምንከፍልበት ግድግዳውና ጣራው ነው። ታዲያ ጎርፍ ይህን ከወሰደው ምን ይቀርልናል?

ስለዚህ ዛፍ የሌለውን ከፍተኛ ስፍራ መረጥን። ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ጥላን ተክለን እናሳድጋለን፤ ጎርፍን ግን ከመንገዱ አንመልሰውም።