የደሴ ድፎና የኮምቦልቻ ኬክ

መንገደኛ ወደ ከተማ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ገበያውና ስለ ማደሪያው ነው። እኛ ግን በዚህ ጉዟችን ዐይናችንን ያሳረፍነው በዳቦ ላይ ነበረ። አንባቢዎች ሆይ፥ ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም አይናቅ፤ የሕዝብ ጠባይ በገበታው ላይ ይነበባልና።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተወርዶ፥ በ1,850 ሜትር ገደማ ትገኛለች። ስለዚህ ሊጡ አንድ ቢሆን እንኳ ጠባዩ አንድ አይደለም። በደሴ ብርዱ እርሾውን ስለሚያዘገየው፥ ባለሙያ ሴት ቡኾውን በጋቢ ሸፍና ከምድጃ አጠገብ ታሳድረዋለች። በኮምቦልቻ ግን ሙቀቱ ፈጥኖ ያነሣዋል፤ የዘገየች ጋጋሪም ሊጡ ይሖመጥጥባታል።

በደሴ ፒያሳ ፉርኖ ዳቦ ገዛን። ፒያሳ በኢጣልያ ቋንቋ አደባባይ፥ ፉርኖም የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው። ጠላት ከተማይቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ ቈይቶ ወጣ፤ የምድጃው ስም ግን በእኛ ዘንድ የዳቦ ስም ሆኖ ቀረ። ከዚያም በአንድ ኬክ ቤት መስተዋት ላይ «የጾም ኬክ አለ» የሚል ጽሑፍ አየን። ባዕድ ሰው ቢያነበው «ኬክም እንደ ሰው ይጾማልን?» ብሎ ይደነቅ ነበር፤ ነገሩ ግን ቅቤ፥ ወተትና እንቁላል ያልገባበት ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠውን ያየነው በኮምቦልቻ በተጠራንበት ሠርግ ነው። በመካከል በመሶብ አምሳል የተሠራ ታላቅ ኬክ ቆሞ ነበር። እንደ ወሎ ልማድ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት በአንድ ዳስ ተሰብስቦ፥ ሥጋውን ግን እያንዳንዱ ከየራሱ እርድ ይበላ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሼኽ ዙሪያውን ተመልክተው የሙሽራይቱን እናት፦

«እትዬ፥ ድፎው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ።

«ልጆቹ ኬኩ ይቅደም ቢሉኝ ጓዳ አስቀመጥሁት፥ አባቴ።»

«በሥጋው እንለያያለን፤ ድፎው ግን የሁላችን ነው። በሉ ይምጣ!»

ድፎውም መጣ። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፥ ከታችም ከላይም እሳት ተደርጎለት የበሰለ ስለ ነበረ፥ መዓዛው ዳሱን ሞላው። ቄሱ ባረኩ፥ ሼኹ ዱዓ አደረጉ፤ እናቲቱም ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለሁሉም ቆርሳ አደለች። ኬኩ ከዚያ በኋላ ተቈረሰ፤ እርሱንም ሁሉ በደስታ በላው።

እኛም ኬኩን አንነቅፍም፤ የእጅ ጥበብ ነውና፥ ለብዙዎችም እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ኬክ በገንዘብ ከሱቅ ይገኛል፤ የድፎ ሙያ ግን ከእናት ወደ ልጅ ካልተላለፈ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ኬኩ ወደ ዳሱ ሲገባ ድፎው ጓዳ እንዳይቀር አደራ።