ሰፊው አጎቴ

የአማርኛ ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። «ሰፊ» የሚለው ቃል «ፊ» ሲላላ በመርፌና በክር የሚተዳደረውን ባለሙያ ያመለክታል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ጠባብ ያልሆነውን ሁሉ። በ2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ82 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም የተለዩት አጎቴ በደሴ ከተማ ከ40 ዓመት በላይ ልብስ ሲሰፉ የኖሩት፣ በዚህች በአንዲት ፊደል መላላትና መጥበቅ መካከል ነበር። ገንዘብ አይበረክትልህም እያሉ ዘመድ ወዳጅ ሲወቅሷቸው፣ «እጀ ጠባብ ስሰፋ ኖርሁ እንጂ እጀ ጠባብ ሆኜ አልኖርሁም» ይሉ ነበር።

ለትምህርት ከወረኢሉ ወደ ደሴ የመጣሁት በ1962 ዓ.ም. ነው። ማደሪያዬ የእሳቸው ቤት፣ ከትምህርት መልስ ሥራዬም በሱቃቸው ቁልፍ መትከልና የካውያውን ከሰል ማቀጣጠል ሆነ። ሱቋ የምትበቃው ለአንድ ሲንጀር የስፌት መኪና፣ ለአንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና ለሁለት ሰው ነበር፤ ሆኖም ከአምስት ሰው ያነሰ ተቀምጦባት አይቼ አላውቅም። ከመጡት መካከል ልብስ የሚያሰፋው አንዱ ቢሆን ነው፤ የቀረው ጨዋታ ፈላጊ ነበር። አንድ ቀን ሱሪያቸው በቀጠሮው ያልደረሰላቸው አንድ ባለሥልጣን «ልክህን አሳይሃለሁ!» ብለው ቢጮኹባቸው፣ አጎቴ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው «ጌታዬ፣ ልክ ማሳየትስ የእኔ ሥራ ነው፤ እባክዎ ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ» አሉ። ባለሥልጣኑ ሳይወዱ ሳቁ፤ ሱሪያቸውንም ቁጭ ብለው ጠብቀው ወሰዱ።

ስለ ቀልድ ዐዋቂ ሲነሣ ሁላችንም ወደ አለቃ ገብረ ሃና እንሮጣለን። ተገቢ ነው፤ ሊቁ የተናገሩትና በስማቸው የሚነገረው ጨዋታ እስከ ዛሬ ከአፍ አልጠፋም። ይሁን እንጂ በአለቃ ስም በሚነገሩት በብዙዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ ሳይጠረጥር የሚረታ አንድ ሰው አይጠፋም። የአጎቴ ቀልድ ግን፣ እንደ ባለሥልጣኑ ያለ ካልገጠማቸው በስተቀር፣ የሚረታው ተናጋሪውን ራሱን ነበር። የሚሰጡት ነገር ተቀባዩን እንዳያሳፍር አስቀድመው እሳቸው ያፍሩለታል። ሥነ ቃላችንን የሚያጠኑ ወገኖች ይህን ዓይነቱን ቀልድ እምብዛም ሲመዘግቡት አላየሁም፤ ምናልባት ቀልዱ ሲነገር ቀልድ ስለማይመስል ይሆናል።

መስከረም ሲጠባ፣ የተማሪ ካኪ በሚሰፋበት ሰሞን፣ አጎቴ በድንገት ሙያ የማያውቁ ይሆናሉ። ብትን ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ በጠመኔ አስምረው፣ አንዲት ጣት ሳያዛንፉ ሲቆርጡ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ። ልጇን አስከትላ በበሩ የምታልፍ እንጨት ሻጭ ሲያዩ ግን ሮጠው ይወጡና፣ «እናቴ፣ እባክሽን ከጉድ አውጪኝ! ለአንድ ባለጠጋ ልጅ የሰፋሁት አጥሮብኝ አባትየው ሊከሰኝ ነው። ይህ ልጅ ቢለብስልኝ ማስረጃው ከቤቴ ይጠፋል» ይሏታል። እሷም በሰውየው ጭንቀት አዝና፣ ውለታ የዋለች መስሏት ልጇን አልብሳ ትሄዳለች። ልጁን ከቀናት በፊት በመንገድ ሲያልፍ በዐይናቸው ለክተውት ነበር፤ ዐይናቸው ደግሞ ከሜትር የማይተናነስ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ሲጸና፣ ከቀየው የተፈናቀለው ገበሬ ወደ ደሴ ጎረፈ። ስለዚያ ወራት ሲጽፉ ሳቅን ማንሣት ነውር ይመስላል። አጎቴም ሱቃቸው ውስጥ ዝምታ አበዙ። በምሳ ሰዓት ግን ከመንገድ አንድ ወይም ሁለት ሰው ሳይዙ ቤት አይገቡም። የሚሉትም ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ወንድሜ፣ ሐኪም ብቻህን ከበላህ ያንቅሃል ብሎኛል፤ ስለ ነፍስህ አብረኸኝ ብላ።» ማጀት ያሉት አክስቴ የእግር ኮቴ ሲሰሙ «ዛሬስ ሐኪሙ ስንት ሰው አዘዘ?» ብለው ይጠይቃሉ። እንጀራው የተቆጠረ ስለ ነበር፣ ትእዛዙ በበዛ ቀን እኛ ልጆች ቆሎ ቆርጥመን እንውላለን። ይህን በምሬት አልጽፈውም።

በ1970 ዓ.ም.፣ ቀይ ሽብር በተፋፋመበት ጊዜ፣ አንድ ጎረቤታችን ታሰረ። የታሰረን ሰው ደጃፍ መርገጥ ያስጠረጥር ስለ ነበር ሰፈርተኛው ቤቱን ሸሸው። አጎቴ በዚያው ሰሞን ሦስት የልጅ ልብስ «አበላሹ»። ነገሩ ሳይውል ሳያድር በቀበሌ ስብሰባ ተነሣ። ሰብሳቢው «የፀረ አብዮተኛን ልጆች የሚያለብስ ሰው ጉዳይ ለሰፊው ሕዝብ ፍርድ ይቀርባል» ሲል አዳራሹ ጸጥ አለ። አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ፈራጁ ሰፊው ከሆነ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰፊው እኔ ብቻ ነኝ። ፍርዴም ልጆቹ ይልበሱ የሚል ነው።»

በመጀመሪያ የሳቀ አልነበረም። ቆይቶ ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ማን ይቻል? ሰብሳቢውም አፉን በያዘው ወረቀት ጋርዶ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ያን ማታ አጎቴ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ፤ አልገባ አላቸው። «ዐይኔ ደከመ መሰለኝ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ዐይናቸው ደህና ነበር፤ የተንቀጠቀጠው እጃቸው ነው። ቀልድን እንደ ሥራ ፈት ጨዋታ የሚቆጥር ሰው ያችን መርፌ ቢያያት እወድ ነበር።

ኋላ ልባሽ ጨርቅ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ሥራው ቀዘቀዘ። «ባሕር ማዶ ያለ ሰፊ ሳያየኝ ልኬን ዐወቀው» እያሉ ራሳቸውም ከዚያው ገዝተው ለበሱ።

በልቅሷቸው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ቄሱም ሼኹም ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ የወሎ ልቅሶ እንዲህ ነው። አንድ ሽበታም መምህር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ሲገቡ የለበሱትን ኮት እንዴት እንዳገኙት አነሡ። አንድ ነጋዴ ጠበበኝ ብሎ ጥሎባቸው እንደ ሄደና ቦታ እንዳጣበበባቸው ነግረው፣ አጎቴ ለምነው ነበር ያስወሰዷቸው። ከወዲያ ማዶ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ቀና ብሎ «የእኔም ያው ነጋዴ የጣለው ነው» አለ። ሦስተኛ ሰው ተናገረ፤ አራተኛም። ድንኳኑ ተቆጣጥሮ ሲደመር፣ ነጋዴው ዘጠኝ ኮት ጥሎ ሄዷል።

«ለመሆኑ ያ ነጋዴ ማን ነበር?» ሲሉ መምህሩ አክስቴን ጠየቁ።

አክስቴ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ «ሐኪሙ ነዋ!» አሉ።

አስለቃሽ ሙሾዋን አቋርጣ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።