ስምንተኛው ወር ላይ ማን ይመጣል?

አንዲት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ እናቷ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተኝተው «ምን ይዤ ልሂድ? ብርቱካን ይሻላል ወይስ ሾርባ?» ብላ ጻፈችልኝ። ሾርባ አልኳት። ነገሩ ግን በሾርባ የሚያልቅ ስላልሆነ ቀሪውን እዚህ ልጻፈው፤ ለእሷም ይሁን፣ አስታማሚ ለሆናችሁ ሁሉም። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ጴጥሮስን ለማታውቁት፦ ከስድስት ኪሎ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ሽሮ ሜዳ ትደርሳላችሁ፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ስትይዙ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ የተሠራው ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሳናቶሪየም ሆኖ ነው። ለቲቢ ፍቱን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ዓለም ሕሙማኑን ወደ ተራራ ያወጣ ነበር፤ የሚታዘዘውም ንጹሕ አየር፣ ፀሐይ፣ ዕረፍትና ጥሩ ምግብ ነበር። እንጦጦ አየርና ፀሐይ አያንሰውም። ዛሬ ሆስፒታሉ ብዙ ዓይነት ሕመም ያክማል። ያኔ ግን «ጴጥሮስ ገባች» ከተባለ ትርጉሙ አንድ ብቻ ስለነበር ሰፈሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። «ብርድ መታት» ይባላል፣ «ሳንባዋን ነው» ይባላል። ቲቢ አይባልም።

እናቴ የገባችው በ2003 ዓ.ም. ነው። የያዛት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነበር፤ ሐኪሞቹ ኤምዲአር ይሉታል። የዚህ በሽታ ሕክምና በአገራችን የተጀመረው እዚያው ጴጥሮስ በ2001 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ጥቂት ዓመት ቀደም ብላ ብትታመም ኖሮ ምን ይውጣት እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ሕክምናው ግን ራሱን የቻለ ሕመም ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ወራት መርፌ አላቸው፤ በዚያ ላይ በመዳፍ የሚታፈስ ክኒን አለ። ያስመልሳል፣ ያቃዣል፣ ጆሮ ውስጥ ይጮኻል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። አንዳንዱ ክኒን ጠባይ ይለውጣል፤ እናቴ ሌላ ሰው የማይሰማውን ነገር ሌሊት ተነስታ ለእህቴ ትነግራት ነበር፣ ጠዋት አታስታውሰውም።

እንግዲህ ወደ ጥየቃው ልምጣ። የእኛ ሰው በጥየቃ አይታማም። በመጀመሪያው ሳምንት የእድሩ ሴቶች በአንድ ሚኒባስ ተጭነው መጡ፤ ሙዙ፣ ብርቱካኑ፣ የታሸገው ጁስ ከአልጋው ሥር አልበቃ ብሎ ለጎረቤት አልጋዎች ታደለ። በሁለተኛው ሳምንት የሥጋ ዘመድ መጣ። ከዚያ የማኅበር ሰው፣ የድሮ ጎረቤት፣ የእኔ ጓደኞች። ሦስተኛው ወር ላይ ሙዙ ቆመ።

ክፋት አይደለም። ጥየቃችን የተሠራው ለአጣዳፊ ነገር ነው፤ ለአራስ፣ ለኦፕራሲዮን፣ ለለቅሶ። ሦስት ቀን እናውቃለን፣ ሰባት ቀን እናውቃለን፣ አርባና ሰማንያ እናውቃለን። ለሃያ ወር የሚሆን ሥርዓት ግን አልወረስንም። አራተኛው ወር ላይ ሰው «አሁንም አልወጣችም እንዴ?» ማለት ይጀምራል፤ እንዲህ ባለው ጥያቄ ውስጥ ትንሽ ወቀሳ አለበት፣ ሕመምተኛዋ ትሰማዋለች። እኔ ደግሞ ካየሁት ልናገር፦ የእናቴ ከባዱ ጊዜ የመጀመሪያው ወር አልነበረም። ያኔ ፍርሃት አለ፣ ፍርሃት ደግሞ ክኒን ያስውጣል። ከባዱ አክታዋ ከጀርም ነጻ መሆኑ ከተነገራት፣ ሳሉ ከቆመ፣ ኪሎ መጨመር ከጀመረች በኋላ ነው። «ድኛለሁ፣ ለምን እሰቃያለሁ?» የሚባለው ያኔ ነው። መድኃኒት የሚቋረጠውም ያኔ ነው። ጠያቂ የሚያስፈልገው ለዚያ ሰዓት ነበር።

መፍትሔውን ያመጡት እኛ ልጆቿ አይደለንም፤ አንዲት የእድር ዳኛ ናቸው። የሰፈሩን ልቅሶ ሁሉ ሲያስተናብሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አንድ ቀን እንደ አጋጣሚ ብቻቸውን መጥተው እናቴን ግድግዳ ስታይ አገኟት። ሲመለሱ ደብተራቸውን አወጡና ተራ ጻፉ። በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት፤ ፍራፍሬ አይመጣም፤ የመጣው ሰው ምሳዋን አብልቶ፣ ክኒኗን ስትውጥ አይቶ፣ ወሬ ነግሮ ይመለሳል። ወሬው ግዴታ ነበር። ማን አገባ፣ ማን ቤት ሸጠ፣ ቀበሌው ምን አለ። እናቴ ስምንተኛው ወር ላይ ስለ ሰፈሩ ከእኔ የበለጠ ታውቅ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ፀጉሯን ተሠርታ ትጠብቃለች።

አጠያየቁም ሕግ አለው፤ ሲስተሯ ለእያንዳንዱ ሰው ሳትሰለች ታስረዳ ነበር። በሽተኛዋ ስሱን ማስክ ታደርጋለች፣ ትንፋሿ እንዳይወጣ። ጠያቂው ወፍራሙን ያደርጋል፣ የሌላው ትንፋሽ እንዳይገባበት። ሕፃን አይመጣም። ከተቻለ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ይቀመጣሉ። ቲቢ በሰሃን አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ በልብስ አይተላለፍም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ሰው ሁሉ ይሰማል፣ የሚያምነው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እናቴ እያንዳንዱ ጠያቂ እጁን እንደዘረጋ፣ ወይስ ከሩቅ ጎንበስ ብሎ እንዳለፈ ትቆጥር ነበር። እንደ ነርስ ነበር የምትመዘግበው።

ስለ ምግብ ካነሣን፣ የዓቢይ ጾምን ሳልናገር አላልፍም። ሐኪሙ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ አዘዘ። እናቴ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፋ አታውቅም፤ ሽሮና ጎመን ካልሆነ አፏን አትከፍትም። በዚያ ሆድ ላይ ያ ሁሉ ክኒን ሲወርድ ተመልሶ ይወጣል፤ ሚዛኑም ቁልቁል ይሄድ ጀመር። ዶክተሩ መከራት። እህቴ አለቀሰች። እኔ ተቆጣሁ። «ነፍሴ የእኔ ናት፣ ምን አገባችሁ?» አለችን።

ወንድሜ ብዙ አያወራም። ቅዳሜ ጠዋት የንስሐ አባቷን ይዞ ከች አለ። አባ ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥቷቸው፣ ማስኩን ከጢማቸው ጋር ማስማማት አቅቷቸው፣ ሲስተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስታስተካክልላቸው ትዝ ይለኛል። አግዳሚው ላይ ከአጠገቧ ተቀመጡ። ስብከት የለ፣ ተግሣጽ የለ። ምሳ ዕቃውን አስከፈቱ፤ የተቀቀለ እንቁላል ነበር። አንዱን አነሡና ቀስ ብለው ላጡት።

«አባ፣ ጾም እኮ ነው» አለች።

«የአንቺ ጾም መድኃኒቱ ነው፤ እሱን አትግደፊ። ለእንቁላሉ እኔ እጠየቅበታለሁ» አሉና በእጇ አስያዟት።

አማትባ በላች። እስከ ፋሲካ ድረስ በየቀኑ እያማተበች በላች። እኛ ልጆቿ በወር ሙሉ ክርክር ያላገኘነውን አባ በአንድ እንቁላል ጨረሱት። ለጓደኛዬ ልነግራት ከፈለግሁት አንዱ ይህ ነው፦ ጠያቂ ሁሉ እኩል አይደለም። ለእናትሽ ቃሉ የሚሰማው ሰው ማን እንደሆነ አስቢና መኪና ተከራይተሽም ቢሆን አምጪው።

የጠበል ክርክርም ነበረብን፣ መቼም እንጦጦ ላይ ተኝታ ይህ አይቀርም። ከሆስፒታሉ ሽቅብ ብትወጡ እንጦጦ ማርያም አለች፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ እጅግ ብዙ ሰዎች ከየአገሩ መጥተው በዙሪያዋ ቤት ተከራይተው ይጠመቁ ነበር። ጠበል የጀመረ መድኃኒት ይተው የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጎዳ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ መናገራቸው ስንቱን እንዳተረፈ እግዚአብሔር ያውቃል። (ከተማዋ ራሷ ከዚያ ተራራ ወደ ታች የወረደችው ጣይቱ ፍልውኃውን ወድደውት አይደል? ውኃና ፈውስ እዚህ አገር ተለያይተው አያውቁም።) አክስቴ «አውጥተን እናስጠምቃት» ብላ ስትነሣ ወንድሜ ጠበሉን በሃይላንድ ቀድቶ አመጣ። እናቴ ክኒኗን በጠበሉ ትውጠው ጀመር። «ሁለቱም ከላይ ነው የመጡት» ትላለች።

ይህን ሁሉ የቤተሰብ ወሬ አድርጋችሁ እንዳታልፉት አንድ ነገር ልጨምር። በጴጥሮስና በጎንደር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኤምዲአር የታከሙ ከ600 የሚበልጡ ሕሙማን ውጤት በጥናት ታትሟል። ከአራቱ ከሦስት በላይ የሚሆኑት ሕክምናቸው ተሳክቶላቸዋል። በዚያው ዘመን በዓለም ደረጃ የሚሳካለት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። ክኒኑ ብዙም አይለያይም ነበር። ፕሮግራሙ ግን ከክኒኑ ሌላ አስቤዛ ይሰጥ ነበር፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ይሰጥ ነበር፣ ባለሙያ ቤት ድረስ ይልክ ነበር፣ ለሕመምተኛው ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት አንድ ደጋፊ ያስመርጥ ነበር። ሥራውን ከእኛ ሐኪሞች ጋር የጀመሩት ሰዎች ተመሳሳዩን ቀድሞ በካምቦዲያ ሞክረውት የመጡ ናቸው። ከውጤቱ ውስጥ ስንቱ የመድኃኒቱ፣ ስንቱ የሰው እንደሆነ ለይቶ የሚነግረኝ ቢገኝ እሰማለሁ፤ እኔ ግን የሐሙሷን ፀጉር አይቻለሁ።

ሌላው ነገር አስታማሚ ነው። የእኔ ታናሽ እህት ሥራዋን ትታ ነው ያስታመመችው። በሃያ ወር ውስጥ ወደ ታማሚዋ ብዙ ሰው መጣ፤ ወደ እሷ ዞሮ «አንቺስ እንዴት ነሽ? በልተሻል?» ያለ ሰው በጣት ይቆጠራል። ሰው ሲመጣ ወንበሩን ትለቅና ትቆማለች፣ ሰው ሲሄድ ሰሃኑን ታጥባለች። ለጠያቂ ያለኝ ምክር ካለ ይህ ነው፦ ሂዱና «እኔ እስከ አሥር ሰዓት አለሁ፣ አንቺ ቤት ሄደሽ ተኚ» በሏት። ከዚያ የሚበልጥ ሙዝ የለም። ደግሞ በአገራችን ሁልጊዜ ሴቷ ልጅ ለምን እንደምትቆም አንድ ቀን በሌላ ጽሑፍ እንነጋገርበታለን፤ ወንድሞቼ ተዘጋጁ።

ጥየቃ ምን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያወቀው በኮሮና ጊዜ ይመስለኛል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሰው ከተገኘ በኋላ ሕሙማኑ የሚገቡት የካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። መጠየቅ ክልክል፣ ማስታመም ክልክል። መከልከሉ ትክክል ነበር፣ አልከራከርም። ግን በዚያ ሰሞን «ለብቻዋ» የምትለው ቃል ከበሽታው ስም እኩል ስትነገር ሰማሁ።

እናቴ መድኃኒቷን ጨርሳ የወጣች ጊዜ ቤታችን መጀመሪያ የገቡት እኚያው የእድር ዳኛ ናቸው። ቡና ተፈላ። እናቴ ለእንግዶች ለየት ያለ ስኒ ለራሷ ደግሞ የፕላስቲክ ኩባያ አዘጋጅታ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ እንዲሁ ቀድማ ራሷን ልታገልል። ሴትዮዋ ኩባያውን አነሡና «ይሄ ለማን ነው? ለጅብ ነው?» ብለው ወደ ጓዳ ወረወሩት። እናቴ ከስኒ ጠጣች።

መርፌው ግን ከጆሮዋ ወስዶባታል። ዛሬ ያ መርፌ ከሕክምናው ወጥቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. የመከረው አዲሱ ሕክምና ክኒን ብቻ ነው፣ ለብዙዎች በስድስት ወር ያልቃል። የጓደኛዬ እናት ሕመማቸው ይኸው ከሆነ ዕድላቸው የተሻለ ነው፤ እድራቸውም ተራ የሚጽፈው ላነሱ ወራት ነው። የእኔዋ ከፊት ለፊቷ ካልሆነ አትሰማም፤ ስለዚህ ቤታችን የሚመጣ ሁሉ ይጮኻል፣ እሷም መልሳ ትጮኻለች፣ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ጩኸቱ ይብሳል፤ ተራው አሁንም አልተሠረዘም፣ እሷ ሂያጅ ሆነች እንጂ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤት ስኳር ይዟቸው ተኝተው ልትጠይቅ ሄዳ፣ ምሳ ዕቃዋን ብትረሳም ወሬውን አልረሳችም ነበር።