ዶሮ ሳይጮኽ የተሰጠ ኪዳን

ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ከሚመጡት ምእመናን መካከል ልባቸው ሳያርፍ የሚመለሱት ጥቂቶች አይደሉም። ጎልጎታን ተሳልመው፣ ወደ ዮርዳኖስ ወርደው፣ የታዘዙትን ቀኖና ፈጽመው ሳለ፣ «እግዚአብሔር በእውነት ተቀብሎኝ ይሆንን?» የሚለው አሳብ አይለቃቸውም። ይህ ፍርሃት ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ስንቱን ሰው ከቅዱስ ቊርባን አርቆ ያስቀረ ፍርሃት ነው።

በአንድ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ሕጽበተ እግር ከተፈጸመ በኋላ፣ ለመቊረብ ተዘጋጅተው የነበሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ተሳላሚ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የንስሐ አባታቸው ምክንያቱን ቢጠይቋቸው፣ «አባቴ፣ መናዘዙንስ ተናዝዣለሁ። ነገር ግን ራሴን ዐውቃለሁ፤ አገሬ ስገባ ወደዚያው በደል ብመለስስ? ቃሌን እንዳላጥፍ እየፈራሁ እንዴት እቀርባለሁ?» አሉ። አባታቸውም ቅዳሴው ደርሶ ነበርና፣ «እናቴ፣ በዚያች ሌሊት ጽዋውን የጠጡት እነማን እንደ ነበሩ ያስቡ» ብቻ አሏቸው። እኒያም እናት ጥቂት ቆይተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቀረቡ።

መልሱ አጭር ቢሆንም መሠረቱ ጥልቅ ነው። በደብረ ሲና ሙሴ የመሥዋዕቱን ደም እኩሌታ በመሠዊያው ላይ፣ እኩሌታውንም በሕዝቡ ላይ ሲረጭ፣ ሕዝቡ እግዚአብሔር ያዘዘውን ሁሉ ሊፈጽሙ ቃል ገብተው ነበር። ቃላቸው ግን ሙሴ በተራራው ላይ የቆየባቸውን አርባ ቀናት እንኳ አልዘለቀም፤ ሲወርድ ያገኛቸው በጥጃው ዙሪያ ሲዘፍኑ ነው፤ ጽላቱም ተሰበረ። ነቢዩ ኤርምያስ እንደዚያኛው ያልሆነ ሐዲስ ኪዳን እንደሚመጣ፣ ሕጉም በልብ እንደሚጻፍ፣ ኃጢአትም ከእንግዲህ እንደማይታሰብ የተናገረው ይህን ስብራት አይቶ ነው።

ይህ ሐዲስ ኪዳን የተሰጠው በጽርሐ ጽዮን ነው። በማዕዱ የተቀመጡት ጽኑዓን ስለ ነበሩ አልተሰጣቸውም። ጴጥሮስ በዚያችው ሌሊት ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ እንደሚክደው ጌታችን ያውቅ ነበር፤ ዐውቆም ጽዋውን አልከለከለውም። እንዲያውም፣ ቅዱስ ሉቃስ እንደ ጻፈው፣ እምነቱ እንዳይጠፋ አስቀድሞ ጸለየለት፤ በተመለሰም ጊዜ ወንድሞቹን እንዲያጸና አዘዘው። መመለሱ ከመውደቁ በፊት ተነገረው ማለት ነው። የኪዳኑ ደም የጌታ እንጂ የጴጥሮስ አልነበረምና፣ ኪዳኑ በጴጥሮስ ጽናት ላይ አልተመሠረተም።

ተሳላሚ ሁሉ ይህን በእግሩ ሊለካው ይችላል። ከጽርሐ ጽዮን ወደ ምሥራቅ ቊልቊል ሲወረድ፣ ካቶሊካውያን በ1931 እ.ኤ.አ. ያሠሩት፣ በጣራው ላይ የዶሮ ምስል የቆመበት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የቀያፋ ግቢ በዚያ እንደ ነበረ የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። መንገዱ የጥቂት ደቂቃ ነው። ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ በኩል ዞሮ ቢመጣም፣ የጽዋው ጣዕም ከአፉ ሳይጠፋ ካደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁዳም እንደ ተጸጸተ መዘንጋት አይገባም። እርሱ ግን ብሩን ይዞ ወደ ካህናቱ ሄደ እንጂ ወደ ሸጠው ጌታ አልተመለሰም። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለኃጢአት ፈቃድ አይሰጥም፤ በደለኛ ወዴት መመለስ እንደሚገባው ያሳያል እንጂ። ጴጥሮስ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ ከወንድሞቹም አልተለየም። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ የፍም እሳት አንድዶ ጠበቀው፤ የካደውም እንዲሁ የፍም እሳት ሲሞቅ ነበር። በዚያ ስፍራ የክህደቱን ነገር አላነሣበትም፤ ይወደው እንደ ሆነ ብቻ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ በጎቹንም በእጁ ሰጠው።