ዓባይ ያላደረሰው አበባ

ቡሪ በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጥቁር ዓባይ ዳርቻ የምትገኝ፣ ለሱዳን ጦር ጠቅላይ መምሪያ ጎረቤት የሆነች ሰፈር ናት። እዚያ የከረምን ኢትዮጵያውያን በነሐሴ ወር ወደ ወንዙ መውረድ እናዘወትር ነበር። ውሃው በክረምቱ ጎርፍ ደፍርሶ ሲመጣ፣ የጎጃም አፈር እስከ ደጃችን እንደ ደረሰልን እንቆጥረው ነበር።

«አፈሩ ከመጣ አበባውስ ስለምን አይመጣም?» አሉ አንዲት የጅማ ተወላጅ ወይዘሮ። የተመኙት አደይ አበባን አልነበረም፤ በቡና ደን ውስጥ ከዛፍ ቅርንጫፍ ተጣብቆ የሚኖረውን፣ ነጭ አበባው ሌሊት የሚያውደውን የዱር ኦርኪድ እንጂ።

ዘመድ አንድ ሥር አደረሰላቸው። ኦርኪድን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር በዓለም አቀፍ ውል የተከለከለ መሆኑን የሰማነው ዘግይተን ነው።

እኛ ባለማወቅ ማሰሮ አፈር ሞልተን ልንተክለው ስንነሣ ወይዘሮዋ ከለከሉን። ይህ ተክል አፈር አይሻም፤ ሥሩ በዛፍ ልጥ ላይ ተንጠልጥሎ ከዝናብና ከአየሩ እርጥበት ይመጥጣል፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ዘሩም እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ ስንቅ ያልያዘ በመሆኑ፣ የሚመግበው ረቂቅ ፈንገስ ካላገኘ በዱር አይበቅልም። ስለዚህ ያለችውን አንዲት ሥር ማኖር ብቻ ነበር የቀረን።

ከኒም ዛፍ ግንድ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ በቃጫ አሰሩት። በዙሪያውም ጆንያ ሰቅለው ጧትና ማታ ያርሱት ነበር። የጅማ ደን ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲሆን ካርቱም 380 ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በነፈሰ ቁጥር ወይዘሮዋ ቅጠሉን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱ፣ ባለቤታቸው «ፊቱን አጠብሽው?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሁለት ክረምት አለፈ፤ አዲስ ቅጠል አየን እንጂ አበባ አላየንም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። የፋሲካው ዶሮ ተገዝቶ ሳለ፣ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያው ተከፈተ። የቧንቧው ውሃ ተቋረጠ። ቀናት ቆይተን በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ለመውጣት ስንነሣ፣ ወይዘሮዋ ለመንገድ ከያዙት ውሃ አንድ ኩባያ ቀንሰው ጆንያውን አራሱት። ማንም አልተናገራቸውም።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር መሐል ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ፣ ወደ ቡሪ የተመለሱ ሱዳናዊት ጎረቤት ደወሉላቸው። ጣሪያው ተበስቷል፤ ኒሙ ግን ቆሟል አሏቸው። ስለ ኦርኪዱ አልጠየቁም።